የአድሚራል መክብብ ቅርጫ

በዚህ አገር የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ዲቪ ይጠብቃል። አንዱ አስፋልት ይጠብቃል። አንዱ «አሁን እመልሰዋለሁ» ተብሎ የተወሰደበትን መሰላል ይጠብቃል። የሚጠብቁት ነገር ይለያይ እንጂ ሰዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከእናንተ ጋር ሲያወሩ እንኳ ጆሯቸው በር ላይ ነው።

የእኛ ሰፈር ግን የጠባቂዎችን ሁሉ አለቃ ይዟል። እዚህ ወላይታ ሶዶ፣ ዳሞታ ተራራ ቁልቁል በሚያየን ሰፈር፣ ክቡር አድሚራል መክብብ ይኖራል። ሶዶ ባሕር የላትም። አድሚራላችንም መርከብ ይቅርና ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ አባያ ሐይቅን ራሱ ያየው ወደ አርባ ምንጭ ሲሄድ በሚኒባስ መስኮት ነው። ማዕረጉን የሰጡት የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። ዛሬ «አድሚራል ጋ አውርደኝ» ካላችሁ ሌላ ምልክት መናገር አያስፈልጋችሁም፤ ሰማያዊ ከተቀባች ኮንቴይነር ፊት ያወርዷችኋል። እዚያ ውስጥ ስልክና ላፕቶፕ እየጠገነ፣ ሠላሳዎቹን አጋምሶ፣ ይጠብቃል።

የሚጠብቀው የኮምፒውተር ጌም ነው።

ጌም ስላችሁ ልጆቻችን ፕሌይስቴሽን ቤት ተኮልኩለው የሚጯጯሁበትን ኳስ እንዳታስቡ፣ አድሚራሉ ይቀየማል። የእሱ ጌም ኬልዳር ይባላል፤ የሚጠብቀውም ሦስተኛውን ክፍል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐያቸው ልትጠፋባቸው የደረሰ ሰዎች መርከብ ሠርተው በጠፈር ይሰደዳሉ። ተጫዋቹ እየመራ አዲስ ፕላኔት ላይ ያሰፍራቸዋል፣ ማዕድን ያስቆፍራል፣ ከጎረቤት ጋር ይዋዋላል፣ ካልሆነም ይዋጋል። ውጊያ ከመክፈቱ በፊት አገጩን ይዞ እንዳሻው ቢያስብ የሚያቻኩለው የለም። አድሚራሉ እንደሚለው ይህ የጣት ሳይሆን የጭንቅላት ጨዋታ ነው። ዕድሜዬን ማዘጋጃ ቤት የሠራሁ ሰው እንደመሆኔ እኔ ሳየው መሬት መምራት ነው፤ ልዩነቱ ኬልዳር ላይ ባለጉዳይ ነገ ተመለስ አይባልም።

ሁለተኛውን ክፍል መክብብ በቃሉ ያውቀዋል። ሦስተኛው እየተሠራ ነው ተብሎ ማስታወቂያው ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ «አድሚራል፣ መጣ?» ብሎ ለጠየቀው መልሱ አንድ ነው።

«ዘንድሮ ነው።»

አምናም ዘንድሮ ነበር። ካቻምናም ዘንድሮ ነበር። በዓለም ላይ እንደዚህች ቃል የሚያናድደኝ ነገር የለም።

እኔ በበኩሌ ምንም የማልጠብቅ ሰው ነኝ። ተክለጻድቅ እባላለሁ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ቤቴ ከኮንቴይነሯ ፊት ለፊት ነው። ከሰዓት በኋላ አድሚራሉ ደጃፍ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አምቦ ውሃዬን እጠጣለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብሎ የተረተው ሰው መክብብን ሳያውቀው አልቀረም እያልኩ ስንት ጊዜ አሹፌበታለሁ። እሱ ግን አይቀየምም። ላሟ መንገድ ላይ ናት ጋሼ፣ ይለኛል።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ የሥራ ነው፤ አቧራ በልቶታል። ሁለተኛው ዳንቴል ለብሶ በክብር ይቀመጣል። ሦስተኛው ክፍል ጉልበተኛ ኮምፒውተር ይፈልጋል ስለተባለ ከአሮጌ ዕቃ እየለቃቀመ፣ የጎደለውን ከአዲስ አበባ እያስመጣ የገጣጠመው ነው። እጁን የሚያሳርፍበት ሰው የለም፣ ራሱም ጭምር። ክረምት ላይ ኮንቴይነሯ ስታፈስ ጃንጥላውን ለኮምፒውተሩ ዘርግቶ እሱ እየራሰ ስልክ ሲጠግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ደንበኛ ሆኖ የገባ ሰው ደግሞ የጌሙን ማስታወቂያ ፊልም ሳያይ አይወጣም። ስልኩ ውሃ ውስጥ የወደቀበትም፣ የይለፍ ቃል የጠፋበትም እኩል ይቀመጣል። አንድ ቀን ከቦዲቲ የመጡ ቅቤ ነጋዴ ቻርጀር ሊገዙ ገቡና እንደ ደንቡ ተቀምጠው ማየት ጀመሩ። መርከቦቹ በጨለማው ውስጥ ተሰልፈው ሲሄዱ ሴትዮዋ ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጸጥ አሉ። ሲያልቅ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሲሰደድ ቤት የቀረው ማነው ልጄ ብለው ጠየቁት። አድሚራሉ፣ የእያንዳንዱን መርከብ የነዳጅ ፍጆታ የሚያውቀው አድሚራል፣ መልስ አጣ። ቻርጀሩን በቅናሽ ሰጣቸው።

ዝናው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደርሷል። ባለቤቴ እታፈራሁ እንደነገረችኝ አንድ የጉባኤያቸው ሽማግሌ ሲሰብኩ፣ የጌታን መምጣት አንዳንድ ሰው ጌም እንደሚጠብቀው ብንጠብቅ ኖሮ ብለው ተንፍሰዋል። ስም አልጠሩም። ጉባኤው ግን እንዳለ ዞሮ መክብብን አየው። እሱም ምስጋና መስሎት አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ታላቅ እህቱ ሐመልማል ግን እንደ ሽማግሌው አላደነቀችም። የቤቱ ጣሪያ የሚጠገነው ከጌሙ በኋላ ነው። ግድግዳው የሚቀባው ከጌሙ በኋላ ነው። ትዳርማ አይነሳም። የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ብዬ ላጽናናት ብሞክር፣ መጀመሪያ ሚስት ታስፈልጋለች ጋሼ ብላ አፌን አስያዘችኝ።

እስካሁን የነገርኳችሁን ሰምታችሁ ሥራ ፈት ነው ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም ብዬዋለሁ። ግን ስለ ቅርጫው አልነገርኳችሁም።

ወላይታ ውስጥ መስቀል ያለ ሥጋ፣ ሥጋም ያለ ቅርጫ እንደማይሆን ታውቃላችሁ። ጎረቤት ለጎረቤት ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማል፣ በዓሉ ሲደርስ አንድ በሬ ይገዛል። በሬው ታርዶ ኮባ ላይ በየመደቡ ይደለደላል፤ ከጮማውም ከአጥንቱም፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ለሁሉም እኩል። ከዚያ እያንዳንዱ አንድ ነገር ያዋጣል፤ ጠጠር ይሁን ስንጥር፣ ብቻ የራሱ ምልክት። የማን ምልክት የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ምልክትህ ያረፈበት ሥጋ ያንተ ነው፤ ቅሬታ የለም።

የሦስተኛው ክፍል ማስታወቂያ የወጣው ከመስቀል ጋር ተገጣጥሞ ነበር። ያኔ መክብብ ብቻውን አልነበረም። አራት ነበሩ፤ እሱ፣ ዘሩባቤል፣ ኤርካሎና ቦጋለ። ከትምህርት ቤት ጀምረው ሁለተኛውን ክፍል ባንድ ኮምፒውተር ተራ እየገቡ ሲጫወቱ ያደጉ ናቸው። የቅርጫውን ሐሳብ ያመጣው ዘሩባቤል ነው። ጌሙ ሲመጣ በፕላኔት እንዳንጣላ ከወዲሁ እንካፈል አለ። ሌሎቹም የምራቸውን ተስማሙ። ማስታወቂያው ላይ የታዩትን ፕላኔቶች በሙሉ በጠመኔ ኮንቴይነሯ ወለል ላይ ሣሉ። በረዶውን ከበረሃው፣ ማዕድን ያለውን ከሌለው አመጣጥነው አራት መደብ አወጡ። ፀሐይ አንድ ብቻ ስለሆነች እንደ ጉበት ለአራት ተቆረጠች።

እኔ የቤቴን ሥጋ በሳፋ ይዤ ሳልፍ ጠሩኝ። ዕጣ ጣይ ይሁኑልን ጋሼ አሉኝ። አንድ ብሎን፣ አንድ የእርሳስ መቅረጫ፣ አንድ የበቆሎ ፍሬና አንድ የበር ቁልፍ እጄ ላይ አደረጉ። ሳፋዬን አስቀምጬ፣ እየሳቅኩ፣ ያልመጣ ጌም ላይ፣ ያልታረደ በሬ ላይ ማለት ነው፣ ዕጣ ጣልኩ። ብሎኑ የመክብብ ነበር። መቅረጫው የዘሩባቤል፣ በቆሎው የኤርካሎ፣ ቁልፉ የቦጋለ። ጌሙ የወጣ ቀን ማንም የት ቢሆን እዚህች ኮንቴይነር መጥቶ ድርሻውን ሊረከብ እጅ ለእጅ ተመታቱ። ምልክቶቹን መክብብ በወተት ጣሳ ከትቶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጣቸው።

ከዚያ ሕይወት መጣ። ዘሩባቤል ቦዲቲ አግብቶ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከፈተ። ኤርካሎ ተበላ በግብርና ባለሙያነት ተመደበ። ቦጋለ ደግሞ አንድ ጠዋት እናቱን ሳይሰናበት በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። መጀመሪያ ደርባን ነኝ ብሎ ደወለ። ቀጥሎ ከሌላ ከተማ ደወለ። ከዚያ ስልኩ ቆመ።

ጣሳዋ ግን አልተነካችም። የኤርካሎን በቆሎ ነቀዝ በበላው ቁጥር አድሚራሉ ሌላ ፍሬ ይተካል። ፕላኔቷ ባለቤት አልባ እንዳትሆን ነው ይላል። እንግዲህ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጌሙ ከመጣ እነሱ ይመጣሉ። ሦስቱም አንድ ቀን በዚያች በር ይገባሉ። ያን ካወቅኩ በኋላም ማሾፌን አልተውኩም፤ ሳቄ ግን እንደ ድሮው አልሆን አለኝ።

የሆነው የሆነው ዘንድሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አምቦ ውሃዬን ገና መክፈቴ ነበር። አድሚራሉ ስልኩን እያየ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እስከዚያ ቀን ጌሙ በተራዘመ ቁጥር ምክንያት ነበረው፤ አንዴ ለማሳመር፣ አንዴ ስሕተት ለማረም። የዚያን ቀኑ ምክንያት አልነበረውም። ድርጅቱ ሥራውን አቁሟል፤ ሦስተኛው ክፍል አይወጣም። መክብብ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ።  ስንት ዓመት ስተርትበት የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ሰዓት አንድ ተረት እንኳ ትዝ አላለኝም።

በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ዕጣውን የጣሉት እርስዎ ነዎት፤ ሲፈርስም እርስዎ ባሉበት ይፍረስ» አለኝ። «ለየባለቤቱ ልመልስ ነው።»

ቦዲቲ ስንደርስ ዘሩባቤል ከመደብሩ ወጥቶ አቅፎ ሳመን። ወፍሯል፣ አምሮበታል። መክብብ መቅረጫዋን ከጣሳ አውጥቶ ሰጠው። ዘሩባቤል አገላበጣትና ሳቀ፤ ምን እንደሆነች ጠየቀን። ማሾፉ መስሎኝ ነበር። አላሾፈም፤ ጨርሶ ረስቶታል። ስለ ቅርጫው ሲነገረው፣ ልጆች ነበርን እኮ አለና ለስላሳ አዘዘልን። እያወራን ሳለ የሱ ትንሽ ልጅ መቅረጫዋን ከባንኮኒው አንስታ እርሳሷን ቀረጸችባት። ብትዝግም ትቀርጻለች። መክብብ ፍርፋሪው መሬት ሲወርድ እስኪያልቅ አየው። 

ተበላ የወረድነው በማግሥቱ ነው። ተበላ ያለችበት የሁምቦ ቆላ ፀሐይዋ ሌላ ናት፤ ለእኔ ዕድሜ አትሆንም። ኤርካሎን ያገኘነው በማሳው ጫፍ፣ የአንድ ቀይ በሬ ገመድ ይዞ ነው። ሳሮ ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ተቀበለን። መክብብ የበቆሎዋን ፍሬ ሲዘረጋለት ኤርካሎ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ይሄ በሬ ስሙ ማነው?» አለው።

መክብብ አላወቀም።

«ኬልዳር ነው። ሰፈሩ ሁሉ ኬልዳር ነው የሚለው፣ ልጆቼም እንደዛው። ታዲያ እኔ አሁን ፕላኔቴን ተቀብዬ ምን ልሁን? አንተ ጋ ይቀመጥ።»

አይወጣም እኮ ብሎ መክብብ ደጋግሞ አስረዳው። ኤርካሎ ሰማሁ አለ፣ ግን እጁን አልዘረጋም። ምሳ ሳንበላም አልለቀቀንም። መክብብ የበቆሎዋን ፍሬ መልሶ ጣሳ ውስጥ ሲጥላት ኳ ብላ ጮኸች።

የቀረው ቁልፉ ነበር። የቦጋለ እናት እማማ ፋንታዬ ከእኛ ሰፈር ብዙም አይርቁም። መክብብ ከሁሉ የፈራው ይህንን ነው፤ በራቸው ላይ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ገብተን እንደተቀመጥን እንዳያመነታ ፈርቶ ነው መሰለኝ ቁልፉን ወዲያው እጃቸው ላይ አደረገው። ነገሩን ሁሉ፣ ከመስቀሉ ጀምሮ፣ ነገራቸው። እማማ ፋንታዬ ቁልፉን ያውቁታል፤ የዚሁ ቤት የድሮ በር ቁልፍ ነው። በሩ ከተቀየረ ቆይቷል። በአውራ ጣታቸው እያሹት አዳመጡ።

«ጨዋታው ቀረ ነው የምትለኝ?» አሉት።

«ቀረ እማማ።»

«ቦጋለስ? ቦጋለም ቀረ?»

መክብብ አንገቱን ደፋ። እኔም ቆቤን ከጉልበቴ ላይ አንስቼ እንደገና አስቀመጥኩት።

«እንግዲያው ድርሻውን መልስ ያለህ ማነው?» አሉት ሳይቆጡ። «እኔ በዘመን መለወጫችን፣ በየጊፋታው፣ ከሥጋው አንድ መደብ ለእሱ አስቀራለሁ። ሳይበላ ይውላል፣ ያድራል፣ ለችግረኛ እሰጠዋለሁ። ሲመለስ ጊፋታም ይሁን ሌላ ቀን፣ እናቱ ረሳችኝ አይልም። ያልመጣ ሰው ድርሻ ይቀመጣል እንጂ አይመለስም፣ ልጄ።»

ቁልፉን ወደ ጣሳዋ የመለሱት ራሳቸው ናቸው። ክዳኑንም አጥብቀው ገጠሙት።

ወደ ኮንቴይነሯ ስንመለስ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥን። መክብብ ጣሳዋን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፈታት። ከብሎኑ፣ ከበቆሎውና ከቁልፉ ሥር ገብቶ አንድ የአምቦ ውሃ ቆርኪ አወጣ፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጠርዙ የዛገ።

«ይሄ የእርስዎ ነው» አለኝ።

የምን የእኔ? ቅርጫው የአራት ሰው ነው፣ እኔ ዕጣ ጣይ ነኝ፣ ዕጣ ጣይ ድርሻ የለውም አልኩት። ያን ቀን ሳፋዬን ይዤ ከሄድኩ በኋላ አራቱ ተመካክረው ነበር አለ። ዕጣ የጣለልን ሰው ባዶ እጁን አይሂድ ብለው ከየመደቡ ውጪ የተረፈች አንዲት ትንሽ ጨረቃ ለእኔ አስቀሩ። ምልክት ስላልነበረኝ ከዚህችው አግዳሚ ሥር ቆርኪዬን አንስተው ጣሳ ውስጥ ጨመሩ። ይህን ሁሉ ዘመን፣ እኔ ከደጁ ተቀምጬ ስስቅበት፣ እሱ ውስጥ ሆኖ ጨረቃዬን ሲጠብቅልኝ ኖሯል።

ምንም የማልጠብቅ ሰው ነኝ ብያችኋለሁ። ልጆቼ ሩቅ ናቸው፣ ባልንጀሮቼ ብዙዎቹ አርፈዋል፤ ከሰዓት በኋላ የምሄድበት ሌላ ቦታ የለኝም። በየቀኑ ወደዚያች አግዳሚ የሚወስደኝ አምቦ ውሃው ነው እል ነበር። አምቦ ውሃ እቤቴም አለ። መክብብን እወደዋለሁ። «መጣ?» ብዬ የምጠይቀው ሰው ከሌለ ቀኑ ከየት ይጀመራል?

«ይውሰዱ እንጂ ጋሼ» አለኝ ቆርኪውን እንደዘረጋ።

«ጨረቃዬን አልመልስም» አልኩት። ከእጁ ተቀብዬ መልሼ ጣሳ ውስጥ ከተትኩት። «እዚያው ትቀመጥ።»

ያን ጊዜ አንድ ባጃጅ ከፊታችን ዘገም አለ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ እንደ ወትሮው፣ አድሚራል፣ መጣ ወይ ብሎ ጠየቀ። መክብብ አፉን ከፈተ፣ ግን ቃሉ አልወጣለትም። ጣሳዋን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«ዘንድሮ ነው» አልኩት ሾፌሩን።